አልወጣ ያለ መስታወት

ክረምት ላይ የመኪናው መስታወት ግማሽ ላይ የቀረበት ሾፌር የሚያደርገው ይታወቃል። ስዊቹን ደጋግሞ ይጫናል። በአንድ እጁ ስዊቹን ይዞ በሌላው መስታወቱን ወደ ላይ ይስባል። ሁለቱም አልሆን ሲል በሩን በጡጫ ይለዋል፤ አንዳንዴ ታዲያ ጡጫው ይሠራና መስታወቱ ብድግ ብሎ ይዘጋል። በማግስቱ ጋራዥ ይሄድና «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ቀይሩልኝ» ይላል። ይቀየርለታል። ብሩ ከተከፈለ በኋላ መስታወቱ አሁንም አልወጣ ሲል ጭቅጭቁ ይጀመራል።

ለዚያ ሞተር ጥቂት ጥብቅና ልቁምለት። ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ግን ከጥፋቱ በላይ ይከሰሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ወይ ከሞተሩ በፊት ባለው የሽቦ መስመር፣ ወይ ከሞተሩ በኋላ ባለው ብረትና ጎማ ላይ ነው። ለመለየት የሚያስፈልገውም ጆሮ፣ ዓይንና አንድ ርካሽ ቴስተር ብቻ ነው።

በበሩ ሆድ ውስጥ ያለው ዕቃ ብዙ አይደለም። በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ሞተር፣ ከእሱ ጋር የተጣበቀ የማርሽ ቤት፣ መስታወቱን ተሸክሞ የሚያወጣና የሚያወርድ ሪጉሌተር የሚባል ብረት፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት የጎማ ቦይ፣ ከዚያ ስዊችና ሽቦ። እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካው ፓካርድ በቅንጡ መኪኖቹ ላይ ይህን ነገር ሲያስገባ መስታወቱን የሚገፋው በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚላክ ዘይት ነበር፤ ዘይቱ ቀርቶ ሞተሩ በሩ ውስጥ የገባው በኋላ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በዚህ በኩል እምብዛም አይለዩም፤ የአብዛኞቹን መስታወት የሚያንቀሳቅሰው ጎማውን የሚያዞረው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ያው የለመድነው የ12 ቮልት መስመር ነው።

ከዚህ ሁሉ ብልሃቱ የሚያስደንቀው የማርሽ ቤቱ ነው። የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ጠመዝማዛ ጥርስ ተቀርጾበታል፤ እሱም ከጎኑ ያለችውን ክብ ማርሽ ይነክሳል። ጠመዝማዛው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ማርሿ የምትራመደው አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ትንሹ ሞተር ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን መስታወት ከነጎማው ሰበቃ የሚያነሳው በዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ጠመዝማዛው ማርሿን ያዞራል እንጂ ማርሿ ጠመዝማዛውን ማዞር አትችልም፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። መኪናው ጠፍቶ ቆሞ መስታወቱ ባለበት የሚጸናው፣ ሌባም በእጁ ተጭኖ ሊያወርደው የማይችለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራም ከዚሁ ይመጣል። መስታወቱን በሁለት መዳፍ ይዘው ወደ ታች ቢጫኑት የሚወርድ ከሆነ ሞተሩን ለጊዜው ይተዉት፤ መስታወቱና ማርሹ ተለያይተዋል። በመካከላቸው ያለው ሪጉሌተር ሁለት ዓይነት ነው። በቀድሞ መኪኖች ላይ የሚበዛው በመስቀል ቅርጽ የተጠላለፉ የብረት ክንዶች ያሉት ሲሆን፣ ክብደቱን የሚያግዝ ጠንካራ ሞላ አለው። በኋለኞቹ ላይ የምናገኘው በቀጭን የብረት ገመድ የሚሠራው ነው፤ ገመዱ ሞተሩ በሚያዞረው ጥቅልል ላይ ይጠመጠማል፣ በላይና በታች ባሉ ፑሊዎች ዞሮ መስታወቱ የተቀመጠበትን የፕላስቲክ መያዣ ይጎትታል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ዕድሜው ግን እንደ ፕላስቲኩ ነው። ፀሐይ ላይ ስትውል የከረመች መኪና በር ሲከፈት የፑሊው ስብርባሪ ከታች ተጠራቅሞ፣ የገመዱ ክሮች ተፈታትተውና ተጠላልፈው ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ብልሽት ድምፁም ይለያል፤ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ ቅጭልጭል ወይም ቋ ቋ የሚል ነገር ይሰማል፣ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ምንም ድምፅ ከሌለስ? ማታ ወይም ጨለም ባለ ቦታ የመኪናውን የጣሪያ መብራት ያብሩና ስዊቹን እየተጫኑ መብራቱን ይመልከቱ። ጥቂት ደብዘዝ ካለ ከረንት ወደ ሞተሩ እየሄደ ነው፤ ሞተሩ ግን መዞር አልቻለም። ብርሃኑ ጨርሶ ካልተለወጠ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፤ ፊውዝ፣ ስዊች፣ ሽቦ ወይም በሞተሩ ውስጥ ከረንት የሚያቀብለው ካርቦን ሊሆን ይችላል።

የመብራቱ መደብዘዝ ምክንያት አለው። የሚዞር ሞተር እግረ መንገዱን እንደ ጄኔሬተር ስለሚሠራ ከባትሪው ጋር የሚገፋፋ የራሱን ቮልቴጅ ያመነጫል፤ የሚስበው ከረንት ልከኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ሲታነቅና መዞር ሲያቆም ያ ግፊት ይጠፋል። የውስጡ ጥቅል ግማሽ ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው 12 ለ0.5 ሲካፈል 24 አምፔር ይሆናል፤ ይህም 288 ዋት ነው። የሚሠራው ሥራ ስለሌለ ያ ሁሉ ኃይል በዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህም ሲባል ብዙዎቹ ሞተሮች ሲግሉ መስመሩን የሚዘጋ መከላከያ በውስጣቸው አላቸው። ልጆች መስታወቱን ሲያወጡና ሲያወርዱ ከቆዩ በኋላ ጭጭ የሚለውና ትንሽ ቆይቶ ራሱ የሚነሳው ሞተር ታሞ ሳይሆን ራሱን ጠብቆ ነው።

አሁን ብዙ ጤነኛ ሞተር ወደሚጣልበት ቦታ ደረስን። ኤሌክትሪሺያኑ የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ የቴስተሩን ጫፎች ይሰካል፤ ስዊቹ ሲጫን 12 ቮልት ያነባል። «መብራት ደርሶለታል፤ እንግዲህ የሞተው እሱ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ቴስተሩ ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ከምንም የማይቆጠር ነው። መስመሩ በዝገት የጠበበበት ቤት ቧንቧው እንደተዘጋ ግፊቱ ከጎረቤት አያንስም፤ ሲከፈት ግን ውሃው ይንጠባጠባል። ሽቦም እንደዚያው ነው። ሶኬቱ ወይም ስዊቹ ውስጥ የጠቆረ መገናኛ ግማሽ ኦም ቢጨምር ቴስተሩ ምንም አይታወቀውም። ሞተሩ ተሰክቶ 8 አምፔር መሳብ ሲጀምር ግን በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 4 ቮልት ይቀራል፤ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 8 ነው። ስለዚህ የሚለካው ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ስዊቹ እንደተጫነ፣ የቴስተሩን ጫፍ ከሶኬቱ ጀርባ በሽቦው መግቢያ በኩል አስገብቶ ነው። ያን ጊዜም 12 አካባቢ ካነበበና ሞተሩ ካልዞረ፣ መስታወቱም ያልተነከሰ ከሆነ፣ ክሱ ይጸናበታል።

ሽቦው የሚቆረጥበት ቦታ ደግሞ ይታወቃል፤ በሩ ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት ማጠፊያ ላይ፣ በጎማ ቱቦ ውስጥ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል፤ የላይ ልባሱ ግን ደህና ስለሚመስል ዓይን ያታልላል። ጎማውን ወደ ኋላ ገፍቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው መፍትሔው። ጤነኛው አይለጠጥም፤ መዳቡ የተቆረጠው ግን ልባሱ ብቻ ስለቀረው ጣት ላይ ይሳሳል። በሩ ገርበብ ሲል ብቻ የሚሠራ መስታወት፣ ወይም ከመስታወቱ ጋር የዚያው በር ስፒከርና ቁልፍ አብረው የሚያስቸግሩ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ይታይ።

ስዊቹም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ መኪኖች ላይ የሌሎቹ በሮች መስመር በሾፌሩ ስዊች ውስጥ ያልፋል። ሁለቱም የሞተር ሽቦዎች ስዊቹ ሳይነካ ኔጌቲቭ ላይ ያርፋሉ፤ ሲጫን አንዱ ወደ ፖዘቲቭ ይዛወራል፤ አቅጣጫው የሚለወጠው የትኛው እንደተዛወረ ታይቶ ነው። ሾፌሩ ማኪያቶውን ስዊቹ ላይ ቢደፋ፣ ከዚያ በኋላ የማይሠራው የኋላው ቀኝ መስታወት ሊሆን ይችላል። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዛወረ መኪኖች ላይ ነገሩ ይብሳል፤ የሾፌሩ ስዊች ሽቦ በእጅ የተቀጠለ ሊሆን ስለሚችል የፋብሪካው ንድፍ ላያግዝ ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን የሌሎቹን መስታወቶች መቆለፊያ ቁልፍ ይዩት። ሳያዩት ጋራዥ የሄዱ አሉ።

የሾፌሩ ጡጫስ ለምን ሠራ? እዚህ ላይ ሞተሩን መከላከል አልችልም። ለሚዞረው ክፍል ከረንት የሚያቀብሉ ካርቦን የምንላቸው ሁለት ቁራጮች አሉ፤ እየተፋቁ ያልቃሉ፣ መንካትም ያቆማሉ። በሩ ሲመታ ለጊዜው ይገጥሙና ይሠራል። ሲመታ የሚነሳ ሞተር ቀኑ ደርሷል።

መስታወቱ እያቃሰተ፣ በተለይ መጨረሻው ላይ እየቀዘቀዘ የሚወጣ ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የጎማው ነው። የአዲስ አበባ አቧራና ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፤ ሰበቃው ይጨምራል፣ ሞተሩም በየቀኑ ከልኩ በላይ ይለፋል። ቦዩን በሳሙና ውሃና በጨርቅ ማጠብ፣ ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ መንፋት ይበቃል። ግሪስና የተቃጠለ ዘይት አይቀባም፤ አቧራውን ይሰበስባል፣ ጎማውንም ይጎዳል።

ሞተሩ ከመውጣቱ በፊት አንድ የመጨረሻ ዕድል ይሰጠው። ሶኬቱን ነቅሎ ፊውዝ ባለው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ማገናኘት፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች መገልበጥ። ይህ የሚሠራው ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው ሞተር ላይ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ከሠራ ነጻ ነው።

መቀየሩ ራሱ ከምርመራው ይቀላል። ባትሪው ይነቀላል። የበሩ የውስጥ ሽፋን ከእጀታው ጀርባ በተደበቁ ብሎኖችና ዙሪያውን በፕላስቲክ መያዣዎች ስለሚያዝ ሳይቸኩሉ ይለቀቃል። ከሥሩ የሚገኘው የፕላስቲክ ሸራ ተቀዶ የሚጣል እንዳይመስልዎት፤ ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሁልጊዜ ይገባል፣ ያንን ውሃ ወደ ታችኞቹ ቀዳዳዎች የሚመራው እሱ ነው። ተቀዶ የቀረበት መኪና ምንጣፉ ይርሳል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ የጎን ግጭት የሚለየው ሴንሰር የበሩን ውስጥ የአየር ግፊት ስለሚለካ ሸራው መመለሱ ግድ ነው። መስታወቱ ወደ ላይ ተስቦ በሰፊ ፕላስተር ከበሩ አናት ጋር ይታሰራል፤ ከዚያ የሪጉሌተሩ ብሎኖች ይፈታሉ። የመስቀሉ ዓይነት ከሆነ ክንዱ ሳይታሰር ሞተሩ አይፈታ፤ ሞላው የተወጠረ ነው፣ ማርሹ ሲለቀው ክንዱ ተወርውሮ ጣት ይቆርጣል። ይህን ማስጠንቀቂያ እንደ ቀልድ የሚያዩ መካኒኮች አሉ፤ እጃቸውን ማየት ይበቃል።

ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ ያገለገለም አዲስም። የሚጠየቀው የመኪናው ስም ብቻ አይደለም፤ ፊት ወይስ ኋላ፣ ግራ ወይስ ቀኝ፣ ሶኬቱስ ስንት ሽቦ አለው? ሁለት ሽቦ ያለው ተራ ሞተር ነው። ከዚያ በላይ ካለው በውስጡ ዙር የሚቆጥር ሴንሰር አለ፤ በአንድ ንክኪ የሚዘጋው መስታወት እጅ ሲያጋጥመው የሚመለሰው በእሱ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕግ እንዲህ ያለው መስታወት ከ100 ኒውተን በላይ፣ ማለትም 10 ኪሎ ከሚያህል ጫና በላይ ከመግፋቱ በፊት መመለስ አለበት። ሞተር ሲቀየር ወይም ባትሪ ሲነቀል ግን በብዙ መኪኖች ላይ ቆጠራው ይጠፋል። መስታወቱን እስከ መጨረሻ ዘግቶ ስዊቹን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት የተለመደው መመለሻ ነው፤ ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመኪናው መመሪያ ላይ ይገኛል።

መኪናዎን ከጋራዥ ሲረከቡ መስታወቱ በአንድ ንክኪ የሚዘጋ ከሆነ የተጠቀለለ ጋዜጣ ከላይ ያስገቡና ይዝጉት፤ ጣትዎን ግን በፍጹም አይሞክሩበት። ነክሶት ከቀረ፣ ልጅ የሚጫንበት መኪና ነውና፣ ሳይስተካከል አይቀበሉ።