የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርትና የእርከን ሥራ

በአዲስ አበባ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ወጣት የክረምት ጎርፍ ምን እንደሚመስል የሚነግረው አያስፈልገውም። በሐምሌና በነሐሴ ቦዩን ሞልቶ የሚወርደው ድፍርስ ውሃ የማንን ማሳ ይዞ እንደሚሄድ ግን በሰፈሩ አይማረውም። ይኸው ወጣት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ክፍል ተመድቦ ሲመረቅ የሚጠብቀው ሥራ በአንድ ሩቅ ወረዳ ገመገም ላይ ነው። እርዳታ የሚያከፋፍልም ሆነ ሠፋሪ የሚያቋቁም መሥሪያ ቤት ተመራቂውን በሥራ ላይ ከማሰማራቱ በፊት የተማረው ምን እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል።

ትምህርቱ በዓለማያ ከእርሻ ትምህርት ጋር ተያይዞ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተከፈተው የወንዶ ገነት ተቋም፣ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው፣ መነሻውን ደን አድርጎ ወደ ሰፊው የተፈጥሮ ሀብት ጥናት ደርሷል። መቀሌ፣ ባሕር ዳርና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በየበኩላቸው ያስተምሩታል።

የትምህርቱ መነሻ መለካት ነው። ከማሳ የሚታጠበው አፈር መጠን ስድስት ነገሮች ተባዝተው ይገመታል፤ እነርሱም የዝናቡ ኃይል፣ የአፈሩ ጠባይ፣ የተዳፋቱ ርዝመት፣ ቁልቁለቱ፣ የመሬቱ ሽፋንና ገበሬው የሚጠቀምበት የጥበቃ ዘዴ ናቸው። ከአሜሪካ የመጣውን ይህን ስሌት ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው ያዘጋጁት ሃንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ተመራማሪ ሲሆኑ፣ የበርን ዩኒቨርሲቲና የእርሻ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ (የደኑን ታሪክ ስሟ ብቻ ይናገራል)፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ጣቢያዎች ዝናቡንና ደለሉን ለብዙ ዓመታት መዝግቧል።

በሁርኒ ሠንጠረዥ የጤፍ ማሳ ሽፋን 0.25፣ የበቆሎና የማሽላ 0.10፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01 ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ከጤፍ ማሳ የሚታጠበው አፈር ከሣር መሬት 25 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጤፍ የሚዘራው ማሳው ደጋግሞ ታርሶና ልሞ፣ ዝናቡም በበረታበት ወቅት ስለሆነ፣ ቡቃያው እስኪሸፍነው ድረስ አፈሩ ራቁቱን ይደበደባል። ይሁንና ገበሬውን ጤፍ አትዝራ ለማለት የሚደፍር ባለሙያ እንጀራ የማይበላ መሆን አለበት። ስለዚህ ከስድስቱ ውስጥ ሊለወጡ የሚችሉት በተለይ የተዳፋቱ ርዝመትና የጥበቃው ዘዴ ናቸው፤ እርከን የሚሠራውም ለዚህ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠርቷል። በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው ሥራ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይታሰብ ነበር። ሥራው በኪሎ ሜትር ሲመዘን ግን አንድ ዓይነት ንድፍ በሁሉም ቦታ መዘርጋቱ አልቀረም። በደረቅ ወረዳ ውሃ ለማቆር የሚሠራው ደልዳላ እርከን ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ውሃ ያስተኛል፤ ወይም ተደርምሶ ከታች ያለውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። በዚያ ቦታ የሚያስፈልገው በመጠኑ ያዘነበለና መውረጃ ያለው እርከን ነው።

በአንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1986 በ113 ሄክታር ገደማ ተፋሰስ ላይ ፋንያ ጁ የተባለው፣ ከቦዩ የሚቆፈረው አፈር ወደ ላይ እየተጣለ የሚሠራው እርከን ተዘረጋ። ከዓመት ዓመት ደለል እየያዘ ተዳፋቱን ወደ ደረጃ ለውጦታል። በዚህ ዓይነት እርከን ላይ በየቦታው የሚሰማው የገበሬ ቅሬታ ግን ቀላል አይደለም፤ መሬት ይወስዳል፣ በሬ ለማዞር ያጣብባል፣ አይጥ ይጠለልበታል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ አካባቢ እርከን ፈርሷል፣ የተከለለ ተራራ ለከብት ተለቋል፣ የማኅበር ደን ተቆርጧል። ገበሬው የእኔ ነው ብሎ ያልተቀበለው ሥራ ጠባቂ አላገኘም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠቱ ለእርከን ሠሪው ባለሙያ የሚበጀው በዚህ ምክንያት ነው።

በሠፈራም ጉዳዩ ከዚህ አይለይም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቡርና ከፋ ሲጓጓዝ፣ የአፈሩን ጥልቀት፣ የውሃ ማስረጊያውን፣ ቁልቁለቱንና ድንጋያማነቱን በዝርዝር ለመመርመር የተሰጠው ጊዜ አነስተኛ ነበር። በደረቅ ተዳፋት ላይ ውሃ ማቆር የለመደ የወሎ ገበሬ በበለስ ሸለቆ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ገጠመው፤ የለመደው ዘዴ በዚያ አይሠራም።

በየቀበሌው ከሚመደቡት የልማት ሠራተኞች አንዱ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነው። የሚይዘው መሣሪያ ሁለት እንጨት፣ ገመድና ውሃ ልክ ሲሆን፣ በእነዚህ የእርከኑን መስመር በአንድ ቀን ሊቀይስ ይችላል። ገበሬው ግን በየዓመቱ ትርፍ ውሃውን ለማውጣት በማረሻው የሚያወጣው ፈሰስ አለው። የላይኛው ፈሰስ በታችኛው ሰው ማሳ ላይ የሚወርድ ከሆነ ሁለቱን ጎረቤታሞች፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጨምሮ፣ ቦታው ላይ አቁሞ መውረጃው በየት እንደሚሆን ማስማማት ብዙ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው፤ ገመዱ የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው።