እቁብ፦ ቀድሞ ለደረሰው ብድር፣ ኋላ ለደረሰው ቁጠባ

ሃያ ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ለመጣል ተስማሙ እንበል። በመጀመሪያው ወር 100,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ ይወጣል፤ አንዱ ይዞት ይሄዳል። በሁለተኛው ወር ያው 100,000 ብር ለሌላው ይደርሳል። እንዲህ እያለ ሃያ ወር ሲሞላ ሁሉም 100,000 ብር ጥሎ 100,000 ብር ወስዷል። ወለድ የለም፤ የቤት ካርታም ያስያዘ የለም። ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴ እስከ ጉልት ቸርቻሪ፣ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ እስከ ታክሲ ረዳት ብዙ ኢትዮጵያዊ ጠቀም ያለ ገንዘብ ማጠራቀም ሲያምረው በመጀመሪያ የሚታየው ይኸው እቁብ የሚባለው መንገድ ነው።

የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ባንኮች በዝተዋል፤ ቅርንጫፎቻቸው በየመንገዱ ዳር ተደርድረዋል፤ ገንዘብ በስልክ ይላካል። እቁብ ግን ቦታውን አልለቀቀም። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ባንክ ለማበደር አብዛኛውን ጊዜ መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ ይጠልቃል። የቁጠባ ደብተር ያለው ሰው አንድ ወር ሳያስገባ ቢቀር ማንም አይጠይቀውም። እቁብተኛ ከዘገየ የእቁቡ ሰብሳቢ፣ ዳኛው፣ ይደውላል፣ ጸሐፊው ቅጣት ይጽፋል፣ ባልንጀሮቹ ይታዘቡታል። ደመወዝ በገባ በሳምንቱ ኪሱ ባዶ ለሚሆን ሰው ከወለዱ ይልቅ ይህ ግዴታ ይጠቅመዋል።

አሠራሩ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ቶንቲን ይባላል፤ ግብፆች ጋምዒያ፣ ሶማሌዎች ሀግባድ ይሉታል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ እንደዚህ ዓይነት ማኅበራት ያወጣው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሕንድ ደግሞ ቺት ፈንድ ለሚባለው የራሷ እቁብ እ.ኤ.አ. በ1982 ራሱን የቻለ ሕግ አውጥታለታለች።

የእቁብ ጥንካሬ ያለው ሰዎቹን በሚያስተሳስረው ደንብ ላይ ነው። ዳኛው ይሰበስባል፣ ያስታርቃል፣ ሲያስፈልግም ይቆጣል፤ በብዙ እቁቦች ለድካሙ የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ውድድር ይሰጠዋል፤ በሌሎች ደግሞ ከእያንዳንዱ ዕጣ የተወሰነ ይቆረጥለታል። ጸሐፊው ማን እንደጣለ፣ ማን እንደዘገየ፣ ለማን እንደደረሰ ይመዘግባል። መጠኑ የከበደው ሰው ከጓደኛው ጋር ሆኖ ግማሽ ዕጣ መያዝ ይችላል። ሰርግ የደረሰበት ወይም ቤቱ ሕመም የገባበት ሰው ተራ እንዲለቀቅለት ይለምናል፤ ዕጣው የወጣለትም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ንግድ ባለበት ሰፈር ይህ መለቃቀቅ ዋጋ አለው፦ ዕቃ የሚያራግፍ ነጋዴ ለባለ ዕጣው ጥቂት ጨምሮለት ተራውን ይገዛዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ዋስ የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። በደንብ በሚመራ እቁብ ዋሱ ገና ያልደረሰው እቁብተኛ መሆን አለበት። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ የዋሱ ገንዘብ ከማኅበሩ ዘንድ አለ፤ ተቀባዩ ቢጠፋ ከዋሱ ዕጣ ላይ ይቀነሳል። መያዣው የተገኘው ከዚያው ከእቁቡ ውስጥ ነው። ትልልቅ ዕጣ የሚወጣባቸው የነጋዴ እቁቦች ከዋስ በተጨማሪ ቼክ ያስፈርማሉ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣትን ወንጀል ስላደረገው ፊርማው ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁሉም እኩል ጥሎ እኩል ስለሚወስድ እቁብ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ አይደለም። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ በእጁ ካለው 100,000 ብር ውስጥ የራሱ 5,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው 95,000 ብር በ19 ወር የሚመልሰው፣ ወለድ የሌለበት ብድር ነው። የመጨረሻው ባለ ዕጣ ግን ለ19 ወር አበዳሪ ሆኖ ከርሟል። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ ያ ሰው በየወሩ 5,000 ብሩን በ7 በመቶ ባንክ ቢያስቀምጥ ኖሮ እስከዚያች ቀን ወደ 5,500 ብር ገደማ ወለድ ይታሰብለት ነበር። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ ቀድሞ ለደረሳቸው ሰዎች ጥቅም ሆኗል።

የዋጋ ንረት ሲጨመርበት ልዩነቱ ይሰፋል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዋጋ በዚያ ፍጥነት ሲወጣ እቁቡ ሲጀመር 100,000 ብር የነበረ ማሽን ከ19 ወር በኋላ ከ150,000 ብር በላይ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሰው ማሽኑን ገዝቶ ሲሠራበት፣ የመጨረሻው ሰው ባጠራቀመው ገንዘብ ማሽኑን መግዛት አይችልም። 7 በመቶውም ቢሆን ያን ጊዜ አያድነውም ነበር።

ስለዚህ እቁብ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ያለበት፣ የሚፈልገው ብድር ነው ወይስ ቁጠባ የሚለውን ነው። የልብስ ስፌት መኪና፣ የሱቅ ዕቃ ወይም ቀብድ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መውሰድ ያዋጣዋል፤ ተራ የሚለዋወጥበት እቁብ ቢመርጥ፣ ለተራውም ጥቂት ቢከፍል አይቆጭም። ገንዘብ እጁ ላይ የማይበረክትለት ሰው ደግሞ ኋላ ቢደርሰውም ብዙ አይጎዳም፤ ያለ እቁቡ ከነጭራሹ ምንም አያስቀምጥም ነበርና። ያኔም ቢሆን ሃያ ወር ከሚፈጅ እቁብ አሥር ወር የሚፈጀው ይሻለዋል፤ ዙሩ ባጠረ ቁጥር የዋጋ ንረት የሚሸረሽረው ይቀንሳል። ለድንገተኛ ሕመም ወይም ለሥራ ማጣት የተቀመጠች ገንዘብ ግን እቁብ ውስጥ መግባት የለባትም። ዕጣ ችግርን ጠብቆ አይወጣም።

እቁብ ከስደተኛው ጋር ባሕር ተሻግሯል። እስራኤል ውስጥ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይጥሉታል፤ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እቁብ ለሬስቶራንትና ለታክሲ መነሻ የሆናቸው ብዙዎች ናቸው። አሜሪካ ያለ እቁብተኛ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ በአንድ ቀን ባንክ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ በራሱ ማንንም አያስጠይቅም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ ገንዘቡን በየቀኑ ከፋፍሎ ማስገባት ግን ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ወንጀል ነው። የደረሰን ዕጣ እንዳለ አስገብቶ፣ ከተጠየቁ የእቁቡን መዝገብ ማሳየት ይሻላል።

እቁብ የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው፦ ቀድሞ የደረሰው መጣል ሲያቆም ወይም ሰብሳቢው ገንዘቡን ለራሱ ሲያዞረው። የሁለቱም ጉዳት የሚወድቀው ገና ባልደረሳቸው ላይ ነው። በማያውቁት ሰው፣ በቴሌግራም በተሰበሰበ ቡድን፣ ዋስ በማይጠራበት እቁብ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች የተቀበሉት ሳይሆኑ የሚጠብቁት ናቸው። ወርኃዊው መጠንም መለካት ያለበት ጥሩ በተሸጠበት ወር አይደለም፤ ገበያ በቀዘቀዘበት ወር ነው።

እርስዎም አዲስ ዙር ሊጀምሩ ከሆነ የመጀመሪያዋን ከመጣልዎ በፊት ደንቡ በጽሑፍ ይሁን ይበሉ፤ ዋስ የሚሆነው ያልደረሰው ሰው መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ ከመስጠት ይልቅ ማስረጃ በሚቀርበት መንገድ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ። እነዚህን ሦስቱን የማይቀበል ዳኛ ካጋጠመዎት ሌላ እቁብ ይፈልጉ።