ሹሩባና ገጸ በረከቱ፤ በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ደጋ ስለሚሠራው የጠጉር ጥበብ

ከእደ ጥበባት ብዙዎቹ አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጦ የሚፈጽማቸው ሲሆኑ፥ ሸማኔው ከጕድጓዱ፥ ቀጥቃጩ ከወናፉ፥ ሸክላ ሠሪዋም ከጭቃዋ ጋራ ማንንም ሳይጠብቁ ሲውሉ፥ ሹሩባ ግን ሁለት ሴቶች፥ አንዲቱ ከበርጩማ ላይ፥ አንዲቱም ከእግሯ ሥር ከአጎዛ ላይ ተቀምጠው ካልተገናኙ በቀር ሊጀመር እንኳ የማይችል ጥበብ ነው። ሴት ምንም ያህል ባለሙያ ብትሆን የገዛ ማጅራቷን አይታ፥ የገዛ አናቷን በወስፌ ከፍላ መጐንጐን ስለማይሆንላት፥ የሰውን ራስ በማሳመር በአገር የታወቀችው እጅ እንኳ ለራሷ ራስ የሌላ ሴት እጅ መለመኗ አይቀርም። ስለዚህ ገበሬው ዛሬ የባልንጀራውን፥ ነገ የራሱን እርሻ በወንፈል እንደሚያነሣው ሁሉ፥ የደጋው ሴቶችም ጠጉራቸውን በተራ ሲሠራሩ ኖረዋል፤ ለሴት ምን ስጦታ ይሰጣታል ብሎ ለሚጠይቅም ሰው መልሱ የሚገኘው በዚሁ በሁለት ሰው መቀመጫ ዙሪያ መሆኑን ለማስረዳት ነው ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት።

ራስ ጉግሣ መርሶ የቈረቈሯት፥ ከዚያም የየጁ መሳፍንት መናገሻ ሆና የቆየችው ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምሥራቋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነፋሱ ደረቅ፥ ፀሐዩም የሚያቃጥል ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው የተፈጥሮ ወዝ በቀጥተኛ ጠጉር ላይ በቀላሉ እስከ ጫፍ ሲወርድ፥ በተጠቀለለው በእኛ ጠጉር ላይ ግን ከሥሩ ብዙ ሳይርቅ ስለሚቀር፥ ጫፉ እየደረቀ ይሰበራል። በዙሪያው ያሉት የፋርጣና የጋይንት፥ የእስቴና የስማዳ እናቶች ይህን በትምህርት ቤት ሳይሆን በልጆቻቸው ራስ ላይ አይተው ዐውቀውታል፤ መድኃኒቱንም ከሩቅ አልፈለጉትም።

መድኃኒቱ ለጋ ቅቤ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ምዕራብ ቍልቍል ሲወረድ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በወተቷ ስሟ የተጠራ የላም ዘር መገኛ ስለ ሆነ፥ ቅቤ ለዚህ አገር ሩቅ ሀብት አይደለም። ለራስ የሚሆነው ቅቤ ግን ለወጥ ከሚሆነው ይለያል፤ ቅመም ያልገባበት፥ ጨው ያልነካው፥ ተንጦ ከወጣ ብዙ ያላደረ፥ ዐይብና አሬራው በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ የወጣለት መሆን አለበት። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ነው፤ ይህም ከሰው ገላ ሙቀት ጥቂት ዝቅ የሚል በመሆኑ፥ አናት ላይ የተደረገው ጥፍጥፍ ባንድ ጊዜ ሳይፈስ ቀስ እያለ በቆዳው ሙቀትና በጠዋቱ ፀሐይ እየቀለጠ ከሥር እስከ ጫፍ ይዳረሳል፤ ጠጉሩንም ሸፍኖ ያለውን ርጥበት በነፋስ እንዳይወሰድ ይጠብቀዋል። አደስ ደርቆ ተወቅጦ ከቅቤው ጋራ ሲለወስ ደግሞ መዓዛው የቅቤውን ጠረን አለዝቦ ያሳድረዋል። ዛሬ ከተማ ያደጉ ብዙ ወጣቶች በቅቤ ሽታ ሲያፍሩ ይታያሉ፤ ነገር ግን የሚሸተው የቆየና የበሰለ ቅቤ ነው እንጂ፥ ትኵሱ በአደስ ተለውሶ አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ ቢታጠብ ከፋብሪካ ከሚመጣው ቅባት ሁሉ የሚያንስበት ነገር እኔ አላየሁበትም።

ጠጉሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሥራው የሚጀመረው በሚዶ ነው። ሚዶው ከእንጨት ወይም ከቀንድ የተሠራ፥ ጥርሱ ሰፋፊ ይሆናል፤ ባለሙያዋም ከጫፍ ጀምራ ወደ ሥር እየወጣች ታፍታታለች እንጂ ከሥር ጀምራ ወደ ጫፍ አትጎትትም። ከዚህ በኋላ ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ ታነሣና ከግንባር እስከ ማጅራት መሥመር ትከፍላለች። መሥመሩ እንደ ተከፈለ ከግንባሩ ላይ ጥቂት ጠጉር ቆንጥራ በሦስት ትመድበዋለች፤ የግራውን በመካከለኛው ላይ፥ የቀኙን በመካከለኛው ላይ እያሳለፈች፥ በያንዳንዱም ማሳለፍ ከቆዳው ላይ ሌላ ጥቂት ጠጉር እየለቀመች ትጨምራለች፤ ጕንጕኑ ከራስ ቆዳ ጋራ ተጣብቆ የሚተኛው በዚህ ለቀማ ነው። ማጅራት ላይ ሲደርስ ለቀማው ይቆምና ጕንጕኑ ብቻውን ወርዶ ይንጠለጠላል፥ ወይም ተለቆ በትከሻ ላይ ይበተናል። ቀጭኑ ሹሩባ ግማሽ ቀን፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ወፍራሙ ቶሎ ያልቃል፥ ቶሎም ይፈታል። ከፊት ብቻ ተሠርቶ ከኋላ የሚለቀቀው ግማሽ ሹሩባ የወጣቶች ነው፤ ከትግራይ የመጣው አልባሶም ወፍራሙን ከቀጭኑ እያፈራረቀ በሠርግ ጊዜ እዚህም ይሠራል።

በሥራው ላይ የሚሰማው ንግግር ከሥራው የሚነጠል አይደለም።

«ቀና በይ እስቲ፥ ወደ ብርሃኑ ዙሪ።»

«ኧረ እትዬ፥ አጠበቁት! ዐይኔን ሳበኝ።»

«አይዞሽ የኔ ዓለም፥ ግንባርሽን አላላልሻለሁ፤ ማጅራትሽ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ልጅቱ ያቀረበችው አቤቱታ ቅብጠት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለው ጠጉር ከሌላው የሳሳ በመሆኑ፥ ሹሩባው በየጊዜው ሲጠብቅበት ሥሩ እየተነቀለ ይሄድና ግንባር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ለብዙ ዓመት ከተሳበም እንደገና ላይበቅል ይችላል። መልካም ሠሪ የምትታወቀው በመሥመሯ ቅጥነት ብቻ ሳይሆን፥ የሠራችላት ሴት በዚያው ሌሊት ራሷን ሳያማት የምትተኛ በመሆኗ ነው፤ ለሕፃናት የሚሠሩ እናቶችም ይህን ነገር አብልጠው ሊያስቡበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጠጉር በዚህ አገር የዕድሜና የማዕርግ ምልክት ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ፥ የአንድን ሰው ራስ አይቶ ኑሮውን ማንበብ ይቻል ነበር። ለወንድ ሕፃን ራሱ ተላጭቶ አናቱ ላይ ቍንጮ ይተውለት ነበር፤ ያልተዳረች ልጃገረድ መካከለኛው አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የሚቀር ሳዱላ ትሆን ነበር፤ ስታገባ የተላጨውን አሳድጋ ሹሩባ ትሠራ ነበር፤ ሐዘን የገባባት ሹሩባዋን ፈትታ ትቈረጣለች ወይም ትላጫለች፥ ቅቤም አትቀባም። መንና የምትሄድ ደግሞ ጠጉሯን ከዓለም ጋራ ትተወዋለች። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረችውና ገዳሟ በጣና ዳር በቆራጣ የሚገኘው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ወገን ሆና ሳለች ባሏንና ክብሯን ትታ ራሷን ተላጭታ የምንኵስና ቆብ መድፋቷን፥ እ.ኤ.አ. በ1672 የተጻፈው ገድሏ ይመሰክራል።

ሹሩባ የሴት ብቻ አለመሆኑንም ይኸው አገር ያውቃል። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በሥዕላቸው የሚታወቁት ጠጉራቸውን ተጐንጕነው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ጠጉራቸው ተቈርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በለንደን ባለው የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአንድ ንጉሥ ጠጉር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ እንደ ዐፅም ተከብሮ ወደ አገሩ ሲገባ፥ ለጠጉር ያለን አክብሮት ተራ የወይዛዝርት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ምን እንደሚመልስ አላውቅም።

ሐዋርያው ጳውሎስና ሐዋርያው ጴጥሮስ በመልእክቶቻቸው ሴቶች በሹሩባና በወርቅ ሳይሆን በሥነ ምግባር እንዲሸለሙ መምከራቸውን የደብሩ መምህራን ዘወትር ያስተምራሉ፤ ምእመናቱም ይሰማሉ፤ ሆኖም በዐውደ ዓመት ዋዜማ የማይሠራ ራስ የለም። እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ነጠላው ነው፤ ሹሩባው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ተሸፍኖ ይውላል፥ በቤትና በመንደር ይገለጣል። የከተማዋን ስም በሚጋራው በደብረ ታቦር በዓል፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ ወንዶቹ ልጆች ቡሄ ሲጨፍሩ፥ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ከጋይንት ወዲያ በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግም ሻደይ ይገባና የልጃገረዶቹ ተራ ይሆናል፤ በዚያ ሳምንት የሹሩባ ሠሪ እጅ ዕረፍት አያገኝም።

ሠርግ ሲሆን ከጠጉሩ ጋራ እንሶስላው ይመጣል። እንሶስላ እርጥበትና ጥላ ባለበት በደጋ የሚበቅል ተክል ነው፤ ሥሩ ተቈፍሮ ታጥቦ ሲወቀጥ ቀይ ቀለም ይሰጣል፤ ይህም በሙሽራዪቱ መዳፍና እግር ላይ ተደርጎ በጨርቅ ይጠቀለልና ሲያድር ቆዳው የጠለቀ ቀይ ሆኖ ይነጋል። በዚያች ሌሊት ሙሽራዪቱ እጇ ስለ ታሰረ የምትጎርሰው በሰው እጅ ነው፤ ሚዜዎቿና እኅቶቿ ያጎርሷታል፥ ይዘፍኑላታል፥ ጠጉሯንም ያዩላታል።

እንግዲህ ወደ ስጦታው ስንመጣ፥ ለደጋ ሴት ከሁሉ የሚበልጠው ገጸ በረከት ራሱ መቀመጡ ነው እላለሁ። እኅት ለእኅቷ፥ አማት ለምራቷ ግማሽ ቀን ከጓዳ ሥራዋ ነጻ አውጥታ ራሷን ብትሠራላት፥ በገንዘብ የማይገኝ ነገር ሰጥታታለች፤ ባል ወይም ወንድም የሆነ እንደሆነ ደግሞ የሠሪዋን ዋጋ ከፍሎ፥ በዚያ ግማሽ ቀን ልጆቹን መያዝ ይችላል። ቀጥሎ ቅቤ ነው፤ ለአራስ ሲሆን ለገንፎዋም ለራሷም እንዲበቃ አድርጎ መውሰድ ያባት ነው። በየገበያው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ እየተገኘ ስለ ሆነ፥ ከሚያውቁት ቤት መግዛት ይሻላል። ሚዶ ርካሽ ነው፥ ነገር ግን ጥርሱ ሰፊና ጫፉ የለሰለሰ ከሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሻሽ የሚሰጥ ሰው ለሌሊት የሚሆነውን ሐር ወይም ሐር መሰል ለስላሳ ጨርቅ ይምረጥ፤ ጥጥ ቅባቱን ይመጠዋል፥ ሹሩባውንም እየፈተገ ያጎፍረዋል። ከፍ ያለ ስጦታ ለሚያስብ ደግሞ ወለባ አለ፤ ይህ በሹሩባ ላይ የሚሰካ የብር ጌጥ ሲሆን፥ የቀድሞ አንጥረኞች 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እያቀለጡ ጌጡን ይሠሩት ነበር። ከእናት ለልጅ የወረደ ወለባ ያለው ቤት አዲስ ከመግዛት ያንኑ አስወልውሎ ቢሰጥ ይበልጥ ያምራል።

ኩልን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በየአገሩ ከሚሸጡት ኩሎች እርሳስ ያለባቸው ብዙ ስለ ሆኑ፥ ምንጩ ያልታወቀውን፥ ይልቁንም ለሕፃን ዐይን፥ አለመስጠት ነው። ሽቱ ግን ጥንታዊ ክብር አለው፤ በመጽሐፈ አስቴር ቈነጃጅቱ ወደ ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት ስድስት ወር በከርቤ ዘይት፥ ስድስት ወር በልዩ ልዩ ሽቱ ይነጹ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ከርቤውም ከሩቅ የማይመጣ የአገራችን ሀብት ነው።

ፔስትራና ቢጉዲን፥ ካስክና የጠጉር ማለስለሻ መድኃኒት አሁን በደብረ ታቦርም የተለመዱ ናቸው፤ ለወደደቻቸው ሴት መስጠት ነውር የለበትም። ብቻ ፔስትራ ቅቤ በተቀባ ጠጉር ላይ የሚያርፍ ዕቃ አይደለም፤ ቅባቱ ይግልና ጠጉሩን ይጠብሰዋል። ሙቀቱም ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ በጠጉሩ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት የማይመለስ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱን ዝቅ ማድረጊያ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ማለስለሻው ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ያለበት በመሆኑ፥ ራሷ ላልጠየቀች ሴት በስጦታ ባይሰጥ እመርጣለሁ፤ ጠጉርሽ እንዲህ ሆኖ አይበቃም የማለት ያህል ይቈጠራልና።

ልጃቸው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለችባቸው እናቶች ቅቤውንና አደሱን በመንገደኛ እጅ ሲልኩ ኖረዋል። የሚሠራት እጅ በአቅራቢያዋ ለሌላት ልጅ የዕቃው ብቻ መድረስ ስለማይበቃ፥ በዚያው ከተማ ላለች ሹሩባ ሠሪ የአንድ ሙሉ ሹሩባ ዋጋ አስቀድሞ ከፍሎ መላክ መልካም ነው። ስጦታው ሁሉ ግን ከበዓሉ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ቅቤው አንድ ሌሊት በራስ ላይ ማደር፥ ጠጉሩ ታጥቦ መድረቅ፥ ከዚያም ሠሪዋ ከሥራዋ እስክትመለስ ተጠብቆ ግማሽ ቀን መቀመጥ አለና።