ፍሪጅ ሊገዙ ነው? ጀርባውን ይዩ

መርካቶም ይሁን ቦሌ፣ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳይዎት የሚያብረቀርቀውን በር ነው። እርስዎ ግን ከጀርባው ወይም ከውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ይፈልጉ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ በመጣ ፍሪጅ ላይ 115 ቮልት፣ 60 ሄርዝ የሚል ካዩ፣ «ትራንስፎርመር ይበቃዋል» ቢሉዎትም አይቸኩሉ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ኮምፕሬሰር በ50 ሲሠራ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከልክ በላይም ይግላል።

ከዚያ ወደ በሩ ይምጡ። የብር ኖት በበሩ ጎማ መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ሳይዝ ሾልኮ ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው ይወጣል፤ ሞተሩ አያርፍም፣ ቆጣሪዎም እንዲሁ። ዙሪያውን በሙሉ ይሞክሩ፣ ሻጩ ቢስቅም።

«ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ዋስትናው በጽሑፍ ነው? ኮምፕሬሰሩን ብቻ ነው ወይስ ሙሉውን የሚሸፍነው? ጎማውና ቴርሞስታቱ ሲበላሹ ከየት ይገኛሉ? መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ፍሪጅ መጨረሻው የሽሮና የበርበሬ ማስቀመጫ መሆን ነው፤ በየሰዉ ቤት አይተናል።

ከበጀትዎ ላይ የስታብላይዘሩን ዋጋ አስቀድመው ይቀንሱ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያስተላልፈውን ይምረጡ። ፍሪጁ ተጋድሞ ከተጫነ ደግሞ ቤት ሲደርስ ቆሞ ለጥቂት ሰዓታት ይረፍ። የዚያን ቀን ሥጋው ጎረቤት ይደር።