የዕድሩ ንብረት ዝርዝር

የፕሮግራሚንግ ክላስን ለጀማሪ የማስረዳው በዕድር ነው። አባሉ ሁሉ የየራሱ ስምና መዋጮ አለው፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ግን የዕድሩ ነው። ስታቲክ የሚባለው ይኸው የጋራው ነው፤ የስታቲኮቹን ዝርዝር የሚሰጠን ክላሱ ራሱ እንጂ ከእሱ የተፈጠረ ኦብጀክት አይደለም።

ይህን ዝርዝር ለማውጣት በጃቫስክሪፕት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ኦብጀክት ኪስ የተባለውን ፈንክሽን ነው። እሱ ስታቲክ ፊልዶችን አውጥቶ ሜተዶቹን ይዘላል፤ ቋንቋው በ2015 ክላስን ሲቀበል ሜተዶች በተራ ቆጠራ እንዳይታዩ ተደርገዋልና። እኔ የምመርጠው ጌት ኦውን ፕሮፐርቲ ኔምስን ነው፤ ሁለቱንም ያመጣል። ታዲያ ማንም ያልጻፋቸውን ሌንግዝ፣ ኔምና ፕሮቶታይፕንም ጎትቶ ይመጣል (ያናድዳል!)፤ አጣርቶ መጣል ነው። ከወላጅ ክላስ የተወረሱትን ግን አይዘረዝርም፤ ወላጁን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል።