ውሃና አቧራን በር ላይ መያዝ፦ አሮጌ ላንድ ክሩዘርን በገዛ እጅ መንከባከብ

አሮጌ ላንድ ክሩዘርን ዕድሜ ብቻውን አይጥለውም። ብረቱ ወፍራም ነው፣ የማርሽ ጥርሶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሲሠራም ለመጥፎ መንገድ ታስቦ ነው። የሚጥሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ውሃና አቧራ። ዘይት ውስጥ ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ሲሊንደር ውስጥ አቧራ ሲገባ ሞተሩ ከውስጥ ይሞረዳል። ስለዚህ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ፣ ዘይት መቀየሩም፣ ግሪስ መምታቱም፣ ፊልትሮ ማጽዳቱም፣ በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ የሚገቡባቸውን በሮች መጠበቅ ነው። በሮቹ የት እንዳሉ ያወቀ ሰው የጥገና ሠንጠረዥ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ምን መቼ መታየት እንዳለበት መንገዱ ራሱ ይነግረዋል።

እዚህ የማወራው ስለ 70 ተከታታዩ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው፣ እኛ አገር አምቡላንስ ሆኖ፣ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሆኖ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መኪና ሆኖ የምናውቀው ማለት ነው። ብዙዎቹ የተሸከሙት ሞተር እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው 1ኤችዜድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓ በኮምፒውተር ሳይሆን በብረት ክፍሎች የሚሠራ ስለሆነ አብዛኛው ብልሽት በዓይን ይታያል፣ በአፍንጫ ይሸተታል፣ በጣት ይዳሰሳል። መኪና መጠገን መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

ከሥሩ ከመግባትዎ በፊት ግን አንድ ነገር። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጎማ ካነሱ ሻንሲውን ወይም አክሱን በብረት መቆሚያ ያስደግፉ። ብሎኬት አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ከተነሡ መኪናውን የሚይዝ ነገር የለም። ስለዚህ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ያግዱ። ደግነቱ መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ለአብዛኛው ሥራ ጎማ ማንሳት አያስፈልግም፤ ካርቶን አንጥፎ መግባት ይበቃል።

ከውሃ በሮች ሁሉ በጣም የሚዘነጋው የዲፈረንሻል መተንፈሻ ነው። በአክሱ አናት ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ወይም ወደ ላይ የተዘረጋች ቀጭን ቱቦ ናት። መኪናው ሲሄድ ዲፈረንሻሉ ይሞቃል፣ በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ትርፉም በመተንፈሻው ይወጣል። ከዚያ ወንዝ ይመጣል። የጋለው ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሩ ወዲያው ይኮማተራል። ትኩስ ውሃ ተጨምሮበት ከተደፋ በኋላ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ ጎኑ ይጨማደዳል፤ እዚህም የሚሆነው ይኸው ነው። ብረት ግን አይጨማደድም። የጎደለውን ከአንድ ቦታ መሳብ አለበት። መተንፈሻው ክፍት ከሆነና ከውሃው በላይ ከቀረ አየር ይስባል። በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ በኦይል ሲሎቹ በኩል ውሃውን ይስባል። ኦይል ሲል ዋና ሥራው ዘይት ከውስጥ እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሳብ ውሃን ለረጅም ጊዜ አይመክትም።

ሥራው ቀላል ነው። መተንፈሻዋን ፈትተው በናፍጣ ያጥቡ፣ በአየር ይንፉ፣ አየር ማሳለፏን ያረጋግጡና ይመልሱ። ወንዝ የሚያዘወትር መኪና ከሆነ ዘይትና ናፍጣ የሚችል የጎማ ቱቦ ቀጥሎ ጫፉን ከፍ ወዳለ ቦታ መውሰድ ለጥቂት ብር የሚገዛ ትልቅ ዋስትና ነው። በሠፈር ጋራዦች ይህን ሳይጠየቅ የሚያየው መካኒክ ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው ባለቤቱ ራሱ ማየት ያለበት የምለው።

ውሃ ገብቶ እንደሆነ ዘይቱ ራሱ ይናገራል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ መኪናው ቆሞ ካደረ ወደ ታች ይዘቅጣል። ጠዋት ሞተር ሳይነሣ የማፍሰሻውን ቡሎን በትንሹ ሲያላሉ መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ ውሃ ከሆነ መልሱ ተገኘ። ዘይትና ውሃው ተላቁጦ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል፤ ይህን ዘይት በሙሉ አፍስሶ መቀየር እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ሲቀይሩ አንድ ሕግ አለ፤ ከማፍሰሻው በፊት መሙያውን ቡሎን ይፍቱ። ዘይቱን አፍስሰው ከጨረሱ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታ ቢል ባዶ ዲፈረንሻል ይዘው ይቀራሉ። አሮጌው ዘይት ሲወርድ የማፍሰሻውን ቡሎን ጫፍ ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ማግኔት ስላለው ግራጫ ቅባት ይዞ ይወጣል። ያን ቅባት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣትዎ መካከል አሸት ያድርጉት። ከለሰለሰና ምንም ካልቆረቆረ ጥርሶቹ እርስ በርስ ሲተሻሹ የሚያወጡት የተለመደ ዱቄት ነው፤ ጠርገው ይመልሱት። የሚቆረቁር ፍርፋሪ ወይም የሚያብረቀርቅ ስባሪ ካገኙ ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ መበላት ጀምሯል፤ ድምፅ እስኪያሰማ መጠበቅ ወጪውን ማብዛት ነው። አዲሱ ዘይት ጂኤል-5 የሚል ጽሑፍ ያለበት 90 ቁጥር ይሁን። መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ መልሶ መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል ማለት ነው።

ከፊት አክስ ጫፍ፣ ጎማው መሪ ተከትሎ በሚዞርበት ቦታ፣ ኳስ የሚያክል ክብ ብረት ይታያል። በውስጡ በግሪስ የታጨቀ መገጣጠሚያ አለ። ኳሱ ላይ ስስ የግሪስ ወዝ ቢታይ ጤና ነው። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ወይም በጎማው የውስጥ ጎን ወርዶ ያጨቀየ ቅባት ካለ ግን የውስጡ ኦይል ሲል አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ግሪሱን እያቀጠነው ነው። ይህን ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ መፍታቱን ግን ልምድ ላለው ሰው ቢተዉት እመክራለሁ።

ግሪስ መምታት ከሁሉ የሚያረካው ሥራ ነው። ከካምቢዮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሱት ሁለት ረጃጅም ዘንጎች እያንዳንዳቸው በሁለት ጫፍ ክሮቼራ (የመስቀል ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያ)፣ በመካከል ደግሞ እየተሳበ የሚረዝምና የሚያጥር ክፍል አላቸው። የግሪስ መምቻዋን ጫፍ በጨርቅ ሳይጠርጉ ፓምፑን አይሰኩ፤ አለበለዚያ ላይዋ ላይ ያለውን አቧራ በገዛ እጅዎ ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ክሮቼራው ላይ አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ በጠርዙ ወጥቶ አዲሱ ብቅ እስኪል ይምቱ። የሚሳበው ክፍል ላይ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ግሪሱ ከበዛ ዘንጉ ማጠር ሲፈልግ ቦታ ያጣና ጫናውን ወደ ካምቢዮና ዲፈረንሻል ኩሽኔታዎች ይልከዋል። ጥልቅ ውሃ ከተሻገሩ በኋላ ቀን ሳይቆጥሩ ይምቱ፤ አዲሱ ግሪስ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል።

የፊት ጎማዎቹን ከኃይል ጋር የሚያገናኘው ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ ያለው ማዞሪያ ነው። በእጅ የሚዞር ሆኖ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይነካባቸው መኪኖች አሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ፊተኛው ዲፈረንሻል ካልዞረ የላይኛው ጥርሱና ኩሽኔታው ዘይት ሳያገኙ ይደርቃሉ። የቶዮታ መመሪያ በወር አንድ ጊዜ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራቱም ጎማ መንዳትን ያዝዛል። ግን በደረቅ አስፋልት አይሁን። እዚህ መኪና ላይ አራቱ ሲያያዙ የፊቱና የኋላው ዘንግ እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ፤ በኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። በኮረኮንች ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ያወጣዋል። አስፋልት ስለማያንሸራትት ልዩነቱ ዘንጎቹን እየጠመዘዘ ይከማቻል፤ ማርሹም አልለቅ ይላል።

አሁን ወደ አቧራው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ፖምፓው የሚሰጠው ናፍጣ በዚያው ልክ ካልቀነሰ የተረፈው ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው ከተደፈነ ዳገት ላይ ኋላዎን በጭስ ይሸፍናሉ። ብዙ ሰው ፖምፓ ለማስፈታት ይሮጣል፤ መጀመሪያ ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ማየት ምንም አያስከፍልም። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በአየር ይንፉ። መሬት ላይ አይደብድቡት፤ ጠርዙ ከተጣመመ አቧራው በጎን ያልፋል። ፊልትሮው በወጣ ቁጥርም ከፊልትሮው ወደ ሞተር በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ጣትዎን አስገብተው ያሽከርክሩ። ጣትዎ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ እሰየው። አቧራ ይዞ ከወጣ የቱቦው ጎማ ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፤ ይህ ከቆሸሸ ፊልትሮ እጅግ የከፋ ስለሆነ ሳይስተካከል ወደ ገጠር አይውጡ።

ናፍጣ ውስጥ የሚገባው ውሃ ደግሞ የሚያጠቃው ፖምፓውን ነው፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነውና። ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ዋናው ምንጭ ነው፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ ባደረ ነዳጅ መያዣ ውስጥ በሌሊት ብርድ የሚፈጠረው ጤዛም ይጨምርበታል። ስለዚህ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይሻላል። ዳሽቦርዱ ላይ የናፍጣ ፊልትሮ መብራት ከበራ ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ አላልተው ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየመቱ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ያፍስሱ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ሞተር ዘይት ብዙ አልልም። 1ኤችዜድ ወደ 10 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በእኛ መንገድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው መቀየር አለበት። የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥላሸት ስለሚሸከም ወዲያው ይጠቁራል፤ መጥቆሩ አያስደንግጥዎት። የወጣውን ዘይት በጄሪካን ይሰብስቡ፤ ቱቦ ውስጥም፣ ጉድጓድ አጠገብም አይድፉት።

ራዲያተሩ ላይ ግን መቆም እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይሠራል። በመካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በስፕሪንጉ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ስፕሪንጉ የደከመ፣ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ሙሉ ራዲያተር ያለውን መኪና ዳገት ላይ ያፈላዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ከፍተው ጎማውን ይመልከቱ፤ ጥርጣሬ ካለ ይቀይሩት። ኩላንትንም «እዚህ አገር በረዶ የለም» ብሎ መተው ትክክል አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ይህ ጠባዩ ነው። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ፍሬን ላይ ተደግፎ የሚወርድ ሰው ያን ሙቀት ያገኘዋል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩ፤ ቁልቁለቱንም በትንሽ ማርሽ ይውረዱ።

እቃ ሲገዙ፣ ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ይዘው ሄደው ጎን ለጎን ያስተያዩ። ክብደቱ፣ የጎማው ልስላሴ፣ የጥርሱ ብዛት ከካርቶኑ ጽሑፍ የበለጠ ይናገራል።

በቤት እንዳይነካ የምለው የታይሚንግ ቺንጋን ነው። የ1ኤችዜድ ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ቢገጠምም አደጋ ነው። በ100,000 ኪሎ ሜትር ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፤ መብራቱ ግን የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ቺንጋውን አያየውም። ቺንጋው ሳይቀየር ቀድሞ የነበረው ባለቤት መብራቱን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ አምፖሉም ተቃጥሎ ይሆናል። ስለዚህ መኪናውን ሲገዙ ቺንጋው የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ወረቀት ካልተሰጠዎት፣ መብራቱን ሳይጠብቁ ያስቀይሩና ቁጥሩን በቀለም የቺንጋው ክዳን ላይ ይጻፉት።