ከጣርማበር በላይ፦ ሞተሩ መሃል ለሆነ መኪና ምን ይሻሻልለት?

በፋብሪካው ወረቀት ላይ 200 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት የቤንዚን ሞተር፣ ቱርቦ ከሌለው፣ ጣርማበር ከፍታ ላይ ሲደርስ ሃምሳ ያህሉን አጥቷል። ሞተሩ አልታመመም፣ መካኒክም አላበላሸውም፤ የጎደለው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 3,000 ሜትር ላይ ግን 0.91 ገደማ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ በየዙሩ የሚስበው የአየር መጠን አልተለወጠም፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ሩብ ያህል ቀንሷል። ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ደግሞ በደንብ ሊቃጠል የሚችለው ነዳጅም ያንሳል።

ስለ መኪና ማሻሻያ የምናገኘው ምክር አብዛኛው ከባሕር ብዙም ከፍ ሳይሉ ለሚነዱ ሰዎች የተሰጠ ነው። ወሬው ሁሉ ከጉልበት የሚጀምረው ለዚህ ነው፦ ፊልትሮ ቀይር፣ ማርሚታ ቀይር፣ ኮምፒዩተሩን አስተካክል። ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ መንዝና ጊሼ ለሚወጣ፣ ወይም በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ ጀማ በረሃ ወርዶ መርሐቤቴ ለሚገባ ሰው ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ መኪናውን የሚያቆመው፣ ቀጥሎ መሬት የሚያስይዘው፣ ከዚያ የሚያቀዘቅዘው፤ ጉልበት ከሁሉም በኋላ። ሞተሩ መሃል ለተቀመጠ መኪና ይህ ይበልጥ እውነት ነው።

ሞተሩ መሃል ነው የሚባለው በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ሲቀመጥ ነው። በስፖርት መኪኖች ዘንድ ቦታው ብዙውን ጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ጃክ ብራብሃም በዚህ ዓይነት የኩፐር መኪና የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ሞተራቸው ከፊት የነበረ የውድድር መኪኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመድረኩ ጠፉ። ላምቦርጊኒ ሚውራ በ1966፣ ቶዮታ ኤምአር2 በ1984፣ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ በ1990፣ ፖርሽ ቦክስተር በ1996 ያንኑ መንገድ ተከተሉ። እነዚህ በአገራችን መንገድ ላይ ብርቅ ናቸው። የእነሱ የቅርብ ዘመድ ግን በየመናኸሪያው ተሰልፎ ይታያል። ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተራቸው ከፊት ወንበሮች ሥር ነው፤ ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ሥር በሚመጣው ሙቀት ያውቀዋል።

ሞተሩን ወደ መሃል ያመጡበት ምክንያት መኪናው ለመዞር ያለውን እምቢታ ለመቀነስ ነው። በትከሻው ላይ ባጋደመው ዱላ ሁለት ጫፎች ጀሪካን ውኃ አንጠልጥሎ ድንገት ለመዞር የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጀሪካኖቹን ወደ ትከሻው ቢያስጠጋቸው ሸክሙ ሳይቀንስ መዞሩ ይቀልለታል። ሞተሩ መሃል የሆነ መኪናም መሪው ሲጠመዘዝ ቶሎ ይታዘዛል። ነገር ግን አንዴ ኋላው መንሸራተት ከጀመረ የሚሽከረከረውም ያንኑ ያህል በፍጥነት ነው፤ ለሾፌሩ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህ ላይ በስፖርት ዓይነቱ መኪና ከግማሽ በላይ የሆነው ክብደት ያረፈው በኋላ ጎማዎች ላይ መሆኑን ጨምሩበት።

አሁን ይህን መኪና ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ እናስበው። ቁልቁለቱ ራሱ ክብደቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሾፌሩ ኩርባው መሃል ደርሶ ሲደነግጥና እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ ወይም ፍሬን ሲይዝ፣ ክብደቱ ይበልጡን ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሬት የመያዝ አቅማቸው ያንሳል፣ ከባዱ ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለተኛው ትውልድ ኤምአር2 በዚህ ጠባዩ ክፉኛ ተወቅሶ ነበርና ቶዮታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሞላና የሾክ አብዞርበር አሠራሩን አስተካክሎ ጎማውንም ለውጦለታል። ፋብሪካው የቀደመው ጎማውንና የመኪናውን ሚዛን ማስተካከል መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ከፍሬን እንጀምር። ጣርማበር ከ3,100 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን 1,800 ሜትር ያህል ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት 26 ሚሊዮን ጁል ያልፋል፤ በመብራት ቆጣሪ ቋንቋ 7.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የአራቱ ዲስኮች ክብደት 30 ኪሎ ቢሆንና ይህ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ እነሱ ውስጥ ቢቀር ኖሮ፣ ብረቱ ከመቅለጫው በላይ ይግል ነበር። የማይቀልጠው አንዱን ድርሻ አየሩ ስለሚወስደው፣ አንዱን ድርሻ ደግሞ በከባድ ማርሽ የተያዘው ሞተር ስለሚሸከመው ነው። የሳሳው አየር ግን ዲስኩንም የሚያቀዘቅዘው በሳሳ አቅሙ ነው።

እዚህ ላይ ርካሹና ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ የፍሬን ዘይት መቀየር ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ከነዚህ ቁጥሮችም ትንሽ ቀደም ብሎ ይፈላል። ዘይቱ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ሳይሆን እንደ አየር ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሄዳል፤ «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብዙ ብር አውጥቶ ትልልቅ ዲስክ ያስገጠመ ሰው ዘይቱን ለዓመታት ሳይቀይረው ሲነዳ ማየት ያሳዝነኛል።

የፍሬን ሸራ ምርጫም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለውድድር የተሠራ ሸራ የሚይዘው ሲግል ነው። መንዝ ውስጥ ባለችው መሃል ሜዳ ከተማ ውርጭ ባደረበት ማለዳ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ያ ሸራ ከተራው የባሰ ነው። ለመንገድ ተብሎ የተሠራ፣ ነገር ግን ሙቀት የሚችል ሸራ ይበቃል። ሌላም አለ፦ በዚህ ዓይነት መኪና የኋላ ፍሬን ድርሻ ሞተሩ ከፊት ካለው መኪና ይበልጣል። የፊቱን ዲስክ ብቻ ማሳደግ ሚዛኑን ያዛባዋል፤ የሚለወጥ ከሆነ አራቱም አብረው ይለወጡ።

ጎማ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ስፖርት የሚለውን ስም አይተው ሲገዙ ነው። ለሞቃት አየርና ለፍጥነት የተሠራ ጎማ ጎሚው ከ7 ዲግሪ በታች ይደነድናል። የመንዝ ማለዳ ደግሞ ከዚያ በታች ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ በጉም የረጠበ አስፋልት ሲታከልበት አደገኛ ነው። በሁሉም ወቅት የሚሠራ ጥሩ ጎማ እዚያ የተሻለ ምርጫ ነው። የኋላ ጎማው ከፊቱ ሰፍቶ የመጣ መኪና ከሆነም እንዲሁ ይቆይ፤ ለመልክ ብሎ የፊቱን ቸርኬና ጎማ ከኋላው እኩል ማድረግ የኋላውን ይበልጥ ለመንሸራተት ያጋልጠዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ የተነፋ ጎማ ጣርማበር ሲወጣ ይወጠራል ወይ ለሚል ሰው መልሱ ደስ የሚል ነው። የውጭው ግፊት በ0.18 ባር ገደማ ስለሚቀንስ መለኪያው ከፍ ማለት ነበረበት፤ አየሩ በ20 ዲግሪ ያህል ከቀዘቀዘ ግን በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ጎማው ውርጭ ላይ ሲያድር ግን ቅዝቃዜው ስለሚያሸንፍ ጠዋት መለካት ያስፈልጋል።

ማቀዝቀዣው ከጎማው ቀጥሎ ይመጣል። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ነው። ራዲያተሩን ከዚህ የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ስለዚህ የላላ ክዳን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይቅር ቢባል እንኳ እዚህ ይቅር አይባልም። ሞተራቸው ከጀርባ ሆኖ ራዲያተራቸው ከፊት የሆነ መኪኖች ውኃውን በረጅም ቱቦ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳሉ፤ ቱቦው ውስጥ አየር ተደብቆ ከቀረ ሞተሩ ይግላል። ውኃ የተቀየረ ጊዜ አየሩን በትዕግሥት ማስወጣት ራሱ ማሻሻያ ነው።

እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ጉልበት መጠየቅ ይቻላል። ፊልትሮና ማርሚታ ብቻ መቀየር ብዙ ድምፅና ጥቂት ጉልበት ይሰጣል፤ ከዚያች ጥቂትም ላይ ከፍታው ሩቧን ይወስዳል። እውነተኛው መልስ ቱርቦ ነው። አልፍሬድ ቡሺ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዘገበ። በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣ። ያለ ቱርቦ ሲሶ ያህል ጉልበቱን ያጣው ሞተር በቱርቦ የባሕር ጠለል አቅሙን መልሶ አገኘ።

ነገር ግን ቱርቦም ዋጋውን ያስከፍላል። በባሕር ጠለል 1.7 ባር አየር ለሞተሩ የሚሰጥ ቱርቦ የውጭውን ግፊት 1.7 ጊዜ ያበዛል። ጣርማበር ላይ የውጭው ግፊት 0.7 ባር ያህል ስለሆነ ያንኑ ለመስጠት 2.4 ጊዜ ማብዛት አለበት። ይበልጥ ይሽከረከራል፣ አየሩንም ይበልጥ ያግለዋል። የጋለውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ከፊት ነፋስ እያገኘ ቢሆን መልካም ነበር፤ ሞተሩ መሃል ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነፋስ ከጎን ቀዳዳ የሚገባው ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ መሃል ለሆነ መኪና ትልቅ ቱርቦ ከመግዛት በፊት የተሻለ ኢንተርኩለርና ሰፊ የአየር መግቢያ ላይ ማውጣት ይቀድማል። ኮምፒዩተሩም ከፍታውን አይቶ ግፊቱን እንዲገድብ ተደርጎ መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ዞሮ ይሰበራል።

ፓይክስ ፒክ ለእኛ ቅርብ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚካሄደው የመኪና ዳገት ውድድር የሚነሣው ከ2,862 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። መድረሻው 4,302 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባው 156። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰባስቲያን ሎብ የተባለ ሾፌር ሞተሩ መሃል በሆነ፣ ሁለት ቱርቦ ባለው ፔዦ 208 በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ጨረሰው። መኪናው 875 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ጉልበቱም 875 ፈረስ። የኋላ ክንፉ እጅግ ግዙፍ የሆነው አየሩ ስለሳሳ ነው። በመንገድ መኪና ላይ ግን ክንፍ አልመክርም፦ ወደ ታች የሚጫነው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚለካ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በ180 ከሚሰጠው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ይሰጣል፤ ከፍታው ከዚያም ላይ ይቀንሳል። መኪናውን ዝቅ ማስደረግም ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠር ላይ ሲገባ የሞተሩን ሆድ ያስመታል።

ከፍታ የማይነካው ማሻሻያ ክብደት መቀነስ ነው። ከ1,300 ኪሎ ላይ መቶውን መቀነስ ለፍጥነት መጨመሪያ ስምንት በመቶ ጉልበት ከመጨመር ጋር ይስተካከላል፤ ከዚያም ላይ ፍሬኑን ያሳርፋል። ተጠባባቂ ጎማ ግን አይውጣ፤ መንዝ ውስጥ ጎሚስታ በየኪሎ ሜትሩ አይገኝም። የሚኒባስ ባለንብረቶችም ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ። ሞተሩን ከወንበር ሥር አስገብቶ ክብደቱን ዝቅ ያደረገውን የመሐንዲስ ልፋት፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫን ጤፍና በግ ያፈርሰዋል። ዳገት ላይ የሚወጣው ጥቁር ጭስም የጉልበት ምልክት አይደለም። ቱርቦ የሌለው የሃይኤስ 5ኤል ናፍጣ ሞተር ለሚስበው አየር የበዛ ነዳጅ እየተሰጠው መሆኑን ብዙ ጊዜ ያመለክታል፤ ፖምፓውን ለከፍታው ማስተካከል ነዳጅም ይቆጥባል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አድርጓል፤ ስለዚህ የወደፊቱ የአገራችን ስፖርት መኪና ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም። ለመንዝ ይህ መልካም ዜና ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፣ ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይወስድበትም። ባትሪውም ወለሉ ላይ በሁለቱ አክስሎች መካከል ስለሚተኛ ክብደቱ ወደ መሃል ይሰበሰባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሾፌሩ ሮማ ዱማ የቮልስዋገንን የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ አር ይዞ ፓይክስ ፒክን በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጣ። የመኪናው ጉልበት 680 ፈረስ ብቻ፣ ክብደቱም ከፔዦው የሚበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ላይኛው ኩርባ ላይ የነበረው ጉልበት መነሻው ላይ የነበረው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያ 7.4 ኪሎዋት ሰዓት ሁሉ በዲስክ ላይ አይቃጠልም፤ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ጥሩውን ድርሻ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል።

ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው ቦታ ካለው ነው። መርሐቤቴ ባለችው ዓለም ከተማ አድሮ ባትሪውን እስከ አፉ የሞላ ሾፌር ጠዋት ወደ ጀማ ወንዝ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ሲጀምር፣ መኪናው የሚመለሰውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት አጥቶ ሥራውን በሙሉ ለፍሬን ሸራው ይተወዋል። የቀዘቀዘ ባትሪም ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ እዚያ ዘጠና በመቶ ላይ ነቅሎ መነሣት፣ የፍሬን ዘይቱንም ልክ እንደ ቤንዚን መኪናው በጊዜው መቀየር ያስፈልጋል።